ሽቦው ሥራ አለው

ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው 28 ሴንቲሜትር ከጥቂት ሚሊሜትር ነው። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ 23 ሴንቲሜትር አይሞላም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና ባሳለፉ አንድ ጡረተኛ ሳሎን ውስጥ በመስታወት ሳጥን ተቀምጧል፦ አልባትሮስ ዲ-5ኤ፣ ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1917 እ.ኤ.አ. ያሰለፈችው ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ፣ ከእውነተኛው 32 ጊዜ አንሶ።

ሞዴሉን የሚያይ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚገረመው በትንሽነቱ ነው። «ይህን ሁሉ እንዴት በእጅ ሠሩት?» ይላል፤ አንዷን ትንሽ ነገር አይቶ ወደ ሌላዋ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ቡናው ይመለሳል። ትንሽ መሆን ግን ብቻውን ሙያ አይደለም። ትዕግሥትም ብቻውን አይደለም፤ ብዙ ትዕግሥት የፈሰሰባቸው፣ ግን ዓይን የማይቆይባቸው ሞዴሎች ሞልተዋል። ይህን ሥራ ከእነዚያ የሚለየው ሠሪው እያንዳንዷ ቁራጭ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ምን ትሠራ እንደነበር ማወቃቸው ነው። የምትሠራውን ያላወቁላትን ቁራጭ አልለጠፉም። ያወቁላትን ደግሞ ሥራ ላይ ያለች አስመስለው አስቀምጠዋታል።

ለእንዲህ ዓይነት ሠሪ አልባትሮስ የተመቸ አውሮፕላን ነው፤ ታሪኩ የአንድ ክንፍ ድክመት ታሪክ ነውና። የበርሊኑ የአልባትሮስ ፋብሪካ ዲ-3 ከተባለው አውሮፕላኑ ጀምሮ የፈረንሳዩን የኒዩፖርን ንድፍ ተከትሎ የታችኛውን ክንፍ ከላይኛው በጣም አጠበበው። ጠባብ ክንፍ ለአብራሪው ቁልቁል የሚያይበትን ቦታ ይከፍትለታል። ችግሩ በጠባቡ ክንፍ ውስጥ ያለው ዋና ወራጅ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዘው ደጋፊም ከላይ በሁለት እግር ተከፍቶ ከታች በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ በፍጥነት ሲወርድ የታችኛው ክንፍ በዚያ አንድ ወራጅ ዙሪያ ይጠማዘዛል፣ ይርገበገባል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። በሜይ 1917 እ.ኤ.አ. ግንባር የደረሰው ዲ-5 ይህን አልፈታም፤ ስመ ጥሩው ጀርመናዊ አብራሪ ማንፍሬድ ፎን ሪክትሆፈን ሳይቀር አማሮበታል። ዲ-5ኤ የመጣው ለዚህ ነው። ወራጆቹና የክንፉ አጥንቶች ወፈሩ፤ ከደጋፊው የፊት እግር ተነስታ የታችኛውን ክንፍ የፊት ጠርዝ የምትይዝ አንዲት አጭር ዘንግም ተጨመረች። አውሮፕላኑ ከበደ እንጂ አልቀረም፤ በሜይ 1918 እ.ኤ.አ. በምዕራቡ ግንባር 928 ዲ-5ኤዎች ተሰልፈው ነበር።

እንግዲህ መስታወቱ ጋ ስትጠጉ መጀመሪያ ያቺን አጭር ዘንግ ፈልጉ። ሞዴሉ ተበታትኖ ከሚሸጥበት ካርቶን የወጣችው የፕላስቲክ ቁራጭ ወፍራም ነበረች፤ በፋብሪካ ቅርጽ ውስጥ ፈሶ የሚወጣ ፕላስቲክ ከተወሰነ በላይ መቅጠን አይችልም። ባለሙያው እሷን ጥለው በቀጭን የነሐስ ዘንግ ተክተዋታል። ሁለቱም ጫፎቿ በሞረድ ተሞርደው ከሚያርፉበት ቦታ ጋር ገጥመዋል። የሙጫ ብልጭታ የለም፣ እብጠት የለም። የክንፉን ጠርዝ የምትነካበት ቦታ ላይ ከሥሯ ጨርቁ በትንሹ የተወጠረ ይመስላል። ክንፉ እንዳይጠማዘዝ የተቀጠረች ዘንግ መሆኗን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያስቀምጣት፤ ሌላው እንደ ጌጥ ያጣብቃታል።

የአውሮፕላኑ አካል ኮምፔንሳቶ ነው። እውነተኛው አልባትሮስ ከሌሎች ተዋጊዎች የሚለየው በዚህ ነበር። የብዙዎቹ አካል በሽቦ የተወጠረ የእንጨት ሳጥን ሆኖ ጨርቅ ሲለብስ፣ የእሱ አካል ግን ቀጭን ኮምፔንሳቶ በእንጨት ክፈፎች ላይ ተጎንብሶና ተለብጦ፣ ቆዳው ራሱ ጭነት የሚሸከም ሆኖ ነው የተሠራው። ዲ-3 ጎኑ ጠፍጣፋ ነበር፤ በዲ-5 ግን አካሉ ዙሪያውን ሞላላ ሆነ። ቫርኒሽ ሲቀባ ማር የመሰለ ቀለም ያወጣል። ብዙ ክፍሎች ይህን እንጨት በራሳቸው ቀለም ይሸፍኑት ነበር፤ ባለሙያው ግን ሆን ብለው አብዛኛው እንጨት የሚታይበትን መርጠዋል።

ፕላስቲክን እንጨት ማስመሰል የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ፈዛዛ ገለባማ ቀለም ይረጫል። ያ በደንብ ሲደርቅ ቡናማ የዘይት ቀለም በጣም ስስ ተደርጎ ይቀባና፣ ፀጉሩ በጠነከረ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ይጎተታል፤ ብሩሹ የሚተወው ጭረት የእንጨት መስመር ይሆናል። የዘይት ቀለም በቶሎ አይደርቅም፤ ያ መዘግየት ነው ለማረም ጊዜ የሚሰጠው። በመጨረሻ ብርቱካናማነት ያለው ግልጽ ቀለም በኤርብረሽ ተረጭቶ የቫርኒሹን ሙቀት ይሰጠዋል። ይህን ማንም ከመማሪያ ቪዲዮ ያገኘዋል። ሙያው ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ኮምፔንሳቶው በአንድ ወጥ አልተለበጠም፤ በቁራጭ ቁራጭ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከሌላ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱን ሠርቶ፣ አድርቆ፣ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ፣ ጎረቤቱን በጥቂቱ ጠቆር ወይም ቀላ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል። በዚህ ሞዴል ላይ የአንዱ ቁራጭ መስመር መገጣጠሚያው ላይ ይቆማል፤ የጎረቤቱ በትንሹ በሌላ ዘንበልታ ይጀምራል። መገጣጠሚያው የተሳለ መስመር አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ እንጨቶች የተገናኙበት ቦታ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። በግራ በኩል፣ ከአብራሪው መቀመጫ ኋላ ያለው አንድ ቁራጭ ላይ መስመሩ ሰፍቷል፤ ዓመት ዓመቱ የሚቆጠርበት ወፍራም ጣውላ መስሏል። ለእንዲህ ያለ ቀጭን ለበጥ የሚመች እንጨት መስመሩ ረቂቅ ነው፤ በ32 ሲከፈል ደግሞ ከዓይን ሊሰወር ይቃረባል። ያ ቁራጭ ለብቻው ቢታይ ያምራል፤ ከዚህ አውሮፕላን ላይ ግን ከልኬቱ ወጥቷል። የቀሩት በሙሉ ልካቸውን ጠብቀው ሳለ እሱ ብቻ «እዩኝ» ይላል።

አብራሪው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይሰፋም። ውስጡ የእንጨት ክፈፎቹ፣ መቀመጫው፣ የጨርቅ ማሰሪያ ቀበቶው፣ ኮምፓሱ፣ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ጌጅና ሁለት መያዣ ያለው መሪ አሉ። የሞዴሉ አካል በሁለት ግማሽ የሚመጣ ስለሆነ ይህ ሁሉ የሚሠራው ከመዘጋቱ በፊት ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ሲሶው እንኳ አይታይም።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ማን ያየዋል ብለው ነው?» አልኳቸው።

«ማንም አያየውም» አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየገፉ። «እኔ ግን መሪው ወዴት እንዳዘመመ ካላወቅሁ ጅራቱን በምን አውቄ እለጥፋለሁ?»

መልሳቸውን ለመረዳት ሞዴሉን ከኋላ ማየት ነበረብኝ። ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጅራት መቅዘፊያ በአልባትሮስ ላይ አንድ ወጥ ነው፤ አብራሪው ወርዶ መሪው ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይንጠለጠላል። መቅዘፊያው ሲወርድ ገመዱ መሪውን ወደ ፊት ይጎትተዋል። እዚህም መቅዘፊያው ወርዷል፤ ጉድጓዱ ውስጥ በባትሪ ሲያበሩ መሪው ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላዘመመም፤ ስለዚህ በላይኛው ክንፍ ጫፍና ጫፍ ያሉት አይለሮኖች፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብሉት መቅዘፊያዎች፣ እኩል ናቸው። ብዙ ሞዴል ሠሪዎች ሥራቸው «ሕይወት» እንዲኖረው ብለው መሪውን ቀጥ አድርገው ትተው የጅራቱን መቅዘፊያ ያወርዳሉ፣ አይለሮኖቹን ያፈራርቃሉ። እንደዚያ ያለ አውሮፕላን ገመዱ ተበጥሷል ማለት ነው።

ሞተሩ መርሴዲስ ነው፦ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ። የሲሊንደሮቹ ራስ ከሽፋኑ በላይ ወጥቶ ስለሚታይ ለሠሪው መደበቂያ የለውም። የታችኛው ቤት አሉሚኒየም፣ ሲሊንደሮቹ ብረት ናቸው፤ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ብርማ ቀለሞች አስፈልገዋል፤ አንዱ ነጣ ያለ፣ ሌላው ጥቁር ያዘለ። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ በጠቅላላው 12። ከእያንዳንዱ ካንዴላ አንድ ቀጭን ሽቦ ተነስቶ በሞተሩ ጎን ወዳለው ቱቦ ይገባል። ባለሙያው ሽቦዎቹን የሠሩት ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ውስጥ ከወጣ መዳብ ነው። ጥሩነታቸው በቁጥራቸው ላይ አይደለም። እያንዳንዱ ሽቦ ከካንዴላው ወጥቶ ትንሽ ይጎብጣል እንጂ አይወጠርም፤ ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ የተወጠረ የካንዴላ ሽቦ አይበረክትም። ይህን ያስተማራቸው መጽሐፍ አይደለም፣ የራሳቸው የሥራ ዘመን ነው።

ከላይኛው ክንፍ መሐል፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ፣ ራዲያተሩ ተቀብሯል። ለምን ወደ ቀኝ? በዲ-3 መጀመሪያ ላይ መሐል ላይ ነበር፤ ጥይት ሲበሳው የፈላ ውኃ በቀጥታ አብራሪው ላይ ይወርድበታል። ስለዚህ ገሸሽ ተደረገ። ሞዴሉ ላይ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚወርደው ቧንቧ ጠመም ብሎ የሚሄደውም ለዚህ ነው። ማርሚታው በቀኝ በኩል ነው፤ ከሲሊንደሩ በሚወጣበት አካባቢ ቀይ ቡናማ፣ ወደ ጫፉ ሲሄድ አመድማ ሆኗል። ጥቀርሻው ከጫፉ ኋላ፣ ነፋሱ በሚወስደው አቅጣጫ፣ በአካሉ ላይ ስስ ጥላ ጥሏል። ከዚያ በላይ አልጨመሩም።

ፕሮፔለሩ ፕላስቲክ አይደለም። የዚያን ዘመን ፕሮፔለር ብዙ ስስ ጣውላ በሙጫ ተደራርቦ ከተጣበቀ በኋላ የሚጠረብ ነበር፤ ጣውላዎቹ ሁለት ዓይነት ሲሆኑ ጠራቢው ድርብርቡን ሰያፍ ሲቆርጠው ጠቆርና ነጣ ያሉ መስመሮች በምላጩ ላይ ተጠምዘው ይወጣሉ። አብዛኛው ሞዴል ሠሪ እነዚህን መስመሮች በብሩሽ ይስላቸዋል። ባለሙያው ግን ሁለት ዓይነት ስስ የእንጨት ልጣጭ አፈራርቀው አጣብቀው፣ በቢላና በብርጭቆ ወረቀት ጠርበውታል። መስመሮቹን ማንም አልሳላቸውም፤ ቅርጹ ትክክል ሲሆን በራሳቸው በቦታቸው ተገኙ። ምላጩ አንድ ቦታ ላይ ከሚገባው በላይ ቢሳሳ ኖሮ መስመሩ ተዛብቶ ያጋልጠው ነበር። የፕሮፔለሩ ቀለም የፕሮፔለሩን ቅርጽ ይመሰክራል።

ከአብራሪው ፊት ሁለት መትረየሶች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። በፕሮፔለሩ ምላጭ መካከል የሚተኩሱት ከሞተሩ ጋር በተያያዘ መሣሪያ አማካይነት ነው፤ ምላጩ አፈሙዙ ፊት ሲደርስ ጥይቱ አይወጣም። የአፈሙዙን ዙሪያ የሚሸፍነው እጀታ አየር እንዲያቀዘቅዘው ረጃጅም ክፍተቶች ተቆርጠውበታል። ይህን በፕላስቲክ በልኩ ማውጣት አይቻልም፤ በአሲድ የተቆረጠ ስስ የነሐስ ቆርቆሮ ይገዛል። ቆርቆሮው በእሳት ሙቀት ይለሰልሳል፣ በቀጭን ዘንግ ላይ ይጠቀለላል፣ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጠማል። ጫፎቹ የሚገናኙበት መስመር ማንም በማያየው በታችኛው በኩል ነው። ጥቁር ቀለም ከተቀባ በኋላ ሹል ጠርዞቹ ላይ የእርሳስ ዱቄት በጣት ታሽቷል፤ ብረቱ የተነካካና የተወለወለ መሳሪያ ይመስላል። ባለሙያው አጉሊ መነጽሩን ሲያቀብሉኝ ክፍተቶቹ ውስጥ አየሁ፤ ከኋላቸው ያለው አፈሙዝ ራሱን የቻለ ዘንግ ነው።

ክንፎቹ ላይ ስትደርሱ ቁሱ ይለወጣል። ከእንጨት ወደ ጨርቅ ትሻገራላችሁ። የጀርመን ሠራዊት በጦርነቱ ሁለተኛ አጋማሽ ክንፎችን መቀባት ትቶ ብዙ ማዕዘን ያላቸው ባለ ቀለም ቅርጾች የታተሙበት የተልባ እግር ጨርቅ መጠቀም ጀመረ። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ቀድሞ ስላለ የመቀቢያ ጊዜና የቀለም ክብደት ይቀራል። ለላይኛው ገጽ ጠቆር ያለ፣ ለታችኛው ገጽ ፈካ ያለ ነበር፤ ከላይ የሚያይ ጠላት መሬት ያይ፣ ከታች የሚያይ ሰማይ ያይ ማለት ነው። ሞዴሉ ላይ ይህ ንድፍ በውኃ ተነክሮ በሚለጠፍ ስስ ወረቀት መጥቷል፤ ግን ጨርቅ የሆነው ባለሙያው ባደረጓቸው ሁለት ነገሮች ነው።

አንደኛው የኋላ ጠርዙ ነው። በእውነተኛው ክንፍ የኋላ ጠርዝ እንጨት ሳይሆን ሽቦ ነው፤ ጨርቁ የሚያጠብቀውን ፈሳሽ ጠጥቶ ሲኮማተር ሽቦውን በአጥንትና በአጥንት መካከል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ጠርዙ ቀጥ አይልም፤ ከአጥንት እስከ አጥንት በስሱ ይጎደጉዳል። የሞዴሉ ፋብሪካ ይህን ቅርጽ ሰጥቶታል፣ ውፍረቱ ግን የጣውላ ውፍረት ነበር። ባለሙያው ሁለቱን የክንፍ ግማሾች ከማጣበቃቸው በፊት ከውስጥ በኩል በብርጭቆ ወረቀት አሳስተውታል፤ አሁን ጠርዙ ብርሃን ላይ ሲያዩት ሽቦ ሊሆን የሚችል መስመር ነው። ሁለተኛው ብርሃን ነው። ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል፤ አውሮፕላኑ ከራሳችሁ በላይ ፀሐይን ይዞ ሲቆም አጥንቶቹ በታችኛው ክንፍ ገጽ ላይ እንደ ጥላ ይታያሉ። ሞዴሉን ከሥር ስታዩት በየአጥንቱ ላይ በጣም ስስ የሆነ ጥላ አለ። ከላይ ግን የለም፤ ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ብርሃኑ ከእሱ ወገን ስለሚመጣ አጥንቱን በጥላው ሳይሆን በጉብታው ነው የሚያውቀው። ብዙዎች ላይና ታች ሳይለዩ ያጠቁራሉ፤ ባለሙያው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀዋል።

ከዚያ ሽቦዎቹ አሉ። የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ሞዴል ሠሪ ከሌሎች የሚለየው ይህ ነው፤ ብዙዎችም ይህን ፈርተው የዚያን ዘመን አውሮፕላን አይነኩም። የድርብ ክንፍ አውሮፕላን ሽቦ ያለ ምክንያት አልተዘረጋም። ከአካሉ ታችኛው ክፍል ተነስቶ ወደ ላይኛው ክንፍ ውጫዊ ክፍል የሚወጣው ሽቦ አውሮፕላኑ ሲበር ክንፉን ወደ ላይ የሚገፋውን ኃይል ይይዛል። ከላይ ከመሐል ተነስቶ ወደ ታችኛው ክንፍ ውጫዊ ክፍል የሚወርደው ደግሞ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም የክንፉን ክብደት ይሸከማል። ሁለቱ ተቃራኒ ሠራተኞች ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ስለዚህ ሽቦ ሁሉ እንደ ክራር ጅማት በልኩ ተወጥሮ መገኘት አለበት፤ የላላ ሽቦ ያለበት አውሮፕላን አይነሳም፣ ከተነሳም አይመለስም።

አራት ሚሊሜትር የሚወፍር ሽቦ በ32 ሲከፈል የአንድ ሚሊሜትር ስምንተኛ ይሆናል። ከዚህ የወፈረ ክር ሞዴሉን ድንኳን ያስመስለዋል። ባለሙያው የተጠቀሙት በጣም የቀጠነ የናይለን ክር ነው። በ0.3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ክንፉ ውስጥ ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ ቀዳዳው በሽቦው አቅጣጫ እንጂ ቀጥ ብሎ አይሰረሰርም። ቀዳዳው ቀጥ ካለ ክሩ መግቢያው ላይ ይሰበራል፣ ዓይንም ያንን ስብራት ምን እንደሆነ ሳያውቀው ያየዋል። ክሩ በመጀመሪያ የሽቦ ማጥበቂያዋን የምትመስል ደቃቃ የብረት ቁራጭ ውስጥ ያልፋል፣ ተመልሶ በራሱ ላይ ይታጠፋል፣ እጥፉን አንዲት አጭር የመዳብ ቱቦ ትይዘዋለች። ሱፐር ግሉ የሚቀርበው በመርፌ ጫፍ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ትነቱ ዙሪያውን ነጭ ያደርገዋል። ናይለን ክር ኃይል አለው፤ ሳይጠነቀቁ ቢወጥሩት ፕላስቲኩን ክንፍ ያጣምመዋል። ስለዚህ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ እየተባለ ነው የሚወጠረው፤ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ የሚያስተካክለው መካኒክም ቢሆን አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው አይሄድም።

ዲ-5ኤ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በዲ-5 የአይለሮን ገመድ በላይኛው ክንፍ ውስጥ ተደብቆ ነበር የሚሄደው። ዲ-5ኤ ወደ ዲ-3 አሠራር ተመለሰ፤ ገመዱ በታችኛው ክንፍ ውስጥ ወደ ውጭ ሄዶ፣ ብቅ ብሎ፣ በሁለቱ ክንፎች መካከል ወደ ላይ ይወጣል። ሞዴሉ ላይ እነዚህ ገመዶች ከሌሎቹ ሽቦዎች ይቀጥናሉ፤ ጭነት የሚሸከም ሽቦና መሪ የሚጎትት ገመድ አንድ አይደሉም። በሩቅ ሆኖ ሞዴሉን የሚያይ ሰው ይህን ልዩነት አይቆጥረውም፤ ግን ሽቦው ሁሉ አንድ ውፍረት ቢኖረው ኖሮ አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማው ነበር።

ያ የሽቦ ዘመን ለእኛም ሩቅ አይደለም። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25 እንደ አልባትሮስ የታችኛው ክንፉ ከላይኛው ያነሰ ባለ ድርብ ክንፍ ነበር። የዚያን ጊዜ ፎቶግራፎች ላይ ሰው የሚያየው ሰዎቹንና ልብሳቸውን ነው፤ ባለሙያው ግን ሽቦ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ለማየት ፎቶግራፉን አጉልተው ያያሉ።

የአልባትሮስ ምንጫቸው ግን ፎቶግራፍ ብቻ አይደለም። ከዲ-5ኤ በዓለም ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ካንቤራ ውስጥ በአውስትራሊያ የጦርነት መታሰቢያ ይገኛል፤ በዲሴምበር 17 ቀን 1917 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ አብራሪዎች ተመትቶ የተማረከ ነው። ሌላው ከእሳቸው ቤት ብዙም የማይርቀው የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ንብረት ነው፤ ጎኑ ላይ «ሽትሮፕ» የሚል ስም የተጻፈበት፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሜሪላንድ ውስጥ በሙዚየሙ ወርክሾፕ የታደሰ። ሙዚየም ውስጥ ያለ አውሮፕላን ትልቅ አስተማሪ ነው፤ የአንድ መገጣጠሚያ ቅርጽ፣ የአንድ ቡሎን ቦታ ከእሱ ይታወቃል። ነገር ግን የታደሰ አውሮፕላን ንጹሕ ነው፤ ከጦር ሜዳ ወጥቶ የታጠበ። ቅርጽን ከእሱ መቅዳት ይቻላል፣ ኑሮን ግን አይቻልም።

ለዚህ ነው ባለሙያው በመጨረሻው ደረጃ፣ ብዙ ጥሩ ሥራ በሚበላሽበት፣ በእርጅናና በቆሻሻ ላይ፣ እጃቸውን የሰበሰቡት። ዛሬ ገበያው ላይ ለጭቃ፣ ለዝገት፣ ለዘይት፣ ለአቧራ ልዩ ልዩ ብልቃጥ ይሸጣል፤ ብልቃጡን የገዛ ሁሉ ሊጨርሰው ይፈልጋል። እዚህ አብራሪው እግሩን እያሳረፈ በሚወጣበት በግራ ጎን ቫርኒሹ ደብዝዟል፤ በቀኝ ግን ያብረቀርቃል፣ በዚያ በኩል ማንም አይወጣምና። ጎማዎቹ ላይ ያለው ጭቃ ደረቅ ነው፤ ወደ ክንፉ ሥር የተረጨው ደግሞ ፕሮፔለሩ ነፋስ በሚገፋበት ስፍራ ብቻ ነው። እንጨት ስለማይዝግ ከብረት ክፍሎቹ በቀር ዝገት የለም። ምልክት ሁሉ ምክንያት አለው፤ ምክንያት የሌለው ቦታ ንጹሕ ተትቷል።

ከሁሉም ይልቅ ያስደነቀኝ በመጽሐፍ ላይ የሚታዩ፣ ሠሪው ሊሠራቸው ይችል የነበሩ ነገሮች አለመኖራቸው ነው። ጨርቁ ከአጥንቱ ጋር የተሰፋበት ስፌት በእውነተኛው ክንፍ ላይ አለ። እዚህ የለም፤ በ1/32 ልኬት በአንድ ክንድ ርቀት ዓይን የማይለየው ነገር ስለሆነ። ስፌቱን የሚሠሩ አሉ፤ ሥራቸው ሲታይ ክንፉ የተጠቀጠቀ ብርድ ልብስ ይመስላል። እውነት የሆነ ነገር ሁሉ በማንኛውም ልኬት እውነት አይሆንም። ዕውቀት ያለው ሠሪ ጥቃቅን ነገርን ሁሉ አይሰበስብም፤ ሥራው ከሩቅ የሚታየውን ይመርጣል፣ የማይታየውን ይተዋል።

ይህ ምርጫ ለምን ውበት እንደሚሆን ማስረዳት ከባድ አይደለም። የ1917ቱ አልባትሮስ ራሱ ጌጥ አልነበረም። መሐንዲሶቹ ሽቦን፣ ዘንግን፣ ጨርቅን የመረጡት ክብደት ለመቀነስ፣ ስብራት ለመከላከል፣ የአብራሪውን ፊት ከፈላ ውኃ ለማዳን ነው፤ ቅርጹ ያማረው ከዚያ በኋላ ነው። ያንን ቅርጽ ብቻ የሚቀዳ ሞዴል ውጤቱን ይዞ ምክንያቱን ይጥላል። ምክንያቱን የሚከተል እጅ ግን ወደዚያው ውበት በራሱ መንገድ ይደርሳል፤ የፕሮፔለሩ መስመሮች ሳይሳሉ እንደመጡ ሁሉ።

ባለሙያው ቀጥለው ሊሠሩ ያሰቡት ፖቴዝ 25ን ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ፎቶግራፎች፣ በእጅ የተሳሉ ንድፎችና ልኬት የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተከምረዋል፤ የተቆረጠ ፕላስቲክ ግን አንድም የለም። መቼ እንደሚጀምሩ ስጠይቃቸው ከታችኛው ክንፍ አጠገብ ወደ አካሉ የምትገባ አንዲት መስመር በእርሳስ ከበቡ። ሽቦ ትሁን የመሪ ገመድ ገና አልለዩም። ሽቦ ከሆነች አንድ ውፍረት አላት፣ ገመድ ከሆነች ሌላ፤ ሌላኛው ጫፏም እንዲሁ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህ እስኪለይ ድረስ መቁረጥ የሚባል ነገር የለም።